ወደ ኋላ የታዘዘች መርከብ ለምን ወደ ግራ ትሸሻለች?

አንዲት ባለ አንድ ፕሮፔለር መርከብ ጸጥ ባለ ውኃ ላይ ቆማለች እንበል። ነፋስ የለም፤ የውኃ ፍሰትም የለም። መሪዋ ወደ የትም ሳያዘነብል መሐል ላይ ተይዟል። ካፒቴኑ ሞተሩ በኋላ ማርሽ እንዲሠራ ያዝዛል። ዳር ቆሞ የሚመለከት ሰው የሚጠብቀው መርከቧ ቀጥ ብላ ወደ ኋላ ስትሳብ ማየት ነው። የሚያየው ግን ሌላ ነው። መርከቧ ገና ወደ ኋላ መንቀሳቀስ ሳትጀምር የኋላ ክፍሏ ወደ ግራ ይሸሻል፤ አፍንጫዋ ደግሞ ወደ ቀኝ ይዞራል። መሪው ወዲህም ሆነ ወዲያ ቢታጠፍ በእነዚያ የመጀመሪያ ደቂቃዎች የሚያመጣው ለውጥ እምብዛም ነው።

መርከበኞች ይህን ጠባይ ከመቶ ሃምሳ ዓመታት በላይ ሲያውቁት ኖረዋል። ማወቃቸውም ለዕውቀቱ ብቻ አይደለም። በጠባብ ወደብ ውስጥ ከግንብ ጋር ላለመላተም፣ በባሕር ላይ ከሌላ መርከብ ጋር ላለመጋጨት፣ ውኃ ውስጥ ያለን ሰው በፕሮፔለሩ ክንፍ ላለመጉዳት ይህን ባሕርይ አስቀድሞ ማወቅ ግድ ይላል። ሆኖም ነገሩ ለምን እንደሚሆን ሲጠየቅ በየጀልባው የሚሰጠው የተለመደ መልስ በፊዚክስ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ወድቆ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የተለመደው መልስ ለምን እንደማያስኬድ፣ ትክክለኛው ምክንያት ምን እንደሆነ፣ እንዲሁም ምክንያቱን ማወቅ በተግባር ምን እንደሚጠቅም ለማሳየት እንሞክራለን።

ፕሮፔለር ምንድን ነው?

ፕሮፔለር በመሠረቱ ብሎን ነው። ብሎን በእንጨት ውስጥ ሲዞር ወደ ፊት እየገባ እንደሚሄድ ሁሉ ፕሮፔለርም በውኃ ውስጥ እየዞረ መርከቧን ይዞ ይጓዛል። ልዩነቱ ውኃ እንደ እንጨት የማይጨበጥ መሆኑ ነው። ስለዚህ ክንፎቹ ውኃውን ወደ ኋላ ይወረውሩታል፤ ውኃውም በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት ክንፎቹን፣ በክንፎቹም በኩል መርከቧን፣ ወደ ፊት ይገፋል።

መርከብን በእንዲህ ዓይነት ብሎን መንዳት በሥራ ላይ የዋለው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1836 እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ፔቲት ስሚዝና ስዊድናዊው መሐንዲስ ጆን ኤሪክሰን በጥቂት ሳምንታት ልዩነት በለንደን ለየራሳቸው ፈጠራ የባለቤትነት መብት አገኙ። በተከታዩ ዓመት የስሚዝ የሙከራ ጀልባ በቦይ ውስጥ ስትጓዝ ከእንጨት የተሠራው ረጅም ብሎኗ በአደጋ ተሰብሮ ግማሹ ቀረ፤ ጀልባዋ ግን በመቆም ፈንታ ፈጠነች። እ.ኤ.አ. በ1845 የብሪታንያ ባሕር ኃይል ባለ ፕሮፔለሯን «ራትለር»ንና በጎኗ በሚሽከረከሩ መንኮራኩሮች የምትነዳውን «አሌክቶ»ን ኋላ ለኋላ አስሮ አጓተታቸው። «ራትለር» ተቀናቃኟን በሙሉ ኃይሏ እየሠራች ሳለ ከ2 ኖት በሚበልጥ ፍጥነት ወደ ኋላ ጎተተቻት። ከዚያ ወዲህ የፕሮፔለር ጉዳይ አከራካሪ መሆኑ እየቀረ ሄደ።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት በአገላለጽ እንስማማ። ቀኝና ግራ ስንል ከመርከቧ በስተኋላ ቆሞ ወደ አፍንጫዋ ለሚመለከት ሰው ቀኝና ግራ የሆኑትን ማለታችን ነው። መርከቧ ወደ ፊት ስትነዳ ለዚህ ሰው በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ የሚዞረውን ፕሮፔለር «ቀኝ ዟሪ» እንለዋለን። ይህ በአብዛኞቹ ባለ አንድ ፕሮፔለር መርከቦች ላይ የሚገኘው ዓይነት ነው። የኋላ ማርሽ ሲገባ ይኸው ፕሮፔለር በተቃራኒው አቅጣጫ ይዞራል። ከላይ የገለጽናት መርከብም ቀኝ ዟሪ ናት። ግራ ዟሪ ብትሆን ኖሮ ሁሉም ነገር ተገልብጦ ኋላዋ ወደ ቀኝ ይሸሽ ነበር።

ሚዛኑ የሚጠበቅ ከሆነ ሽሽት የለም

እያንዳንዱ ክንፍ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ውኃውን በዘንጉ አቅጣጫ ይወረውራል። ሁለተኛ፣ ሲዞር ውኃውን አብሮት እንዲዞር ወደ ጎን ይገፋዋል። ቀኝ ዟሪው ፕሮፔለር ወደ ፊት በሚነዳበት ጊዜ ከላይ ያለው ክንፍ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ ውኃውን ወደ ቀኝ፣ ራሱን ደግሞ ወደ ግራ ይገፋል። ከታች ያለው ክንፍ ወደ ግራ ስለሚሄድ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ሁለቱ ክንፎች ተመሳሳይ ውኃ ካገኙ የጎን ኃይሎቻቸው እኩል ናቸው፤ እኩልና ተቃራኒ ስለሆኑም ይሰረዛሉ። የሚተርፈው መርከቧን በጎኗ ለማዘንበል የሚሞክር ጠምዛዥ ኃይል ብቻ ነው። ጠምዛዥ ኃይል ትንሽ ጀልባን ወደ አንድ ጎን ሊያጋድላት ይችላል፤ ኋላዋን ግን ከቦታው አያንሸራትተውም።

እንግዲህ ጥያቄያችን ጠበብ አለ። ኋላዋ ወደ ጎን የሚሸሸው የላይኛውና የታችኛው ወይም የቀኙና የግራው ክንፍ ሚዛን ስለሚዛባ መሆን አለበት። ሚዛኑን የሚያዛባው ማን ነው?

የሚያሳምን፣ ነገር ግን ቁጥር የማይደግፈው መልስ

የተለመደው መልስ እንዲህ ይላል፦ «ውኃ ወደ ታች በሄደ ቁጥር ይከብዳል፤ ስለዚህ የታችኛው ክንፍ ከላይኛው የበለጠ ጭብጥ ያገኛል። ፕሮፔለሩም መሬት ላይ እንደሚንከባለል ጎማ ኋላውን ይዞት ይሄዳል።» መልሱ የሽሽቱን አቅጣጫ በትክክል ስለሚናገር ሰሚውን ያሳምናል። በኋላ ማርሽ የታችኛው ክንፍ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ ኋላው ወደ ግራ መገፋት አለበት፤ የሚሆነውም ይኸው ነው። አቅጣጫው ትክክል ስለሆነ ግን ምክንያቱ ትክክል ነው ማለት አይደለም። በቁጥር እንፈትነው።

የፕሮፔለሩ ስፋት 3 ሜትር ነው እንበል። ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው ጫፍ ድረስ የውኃው ግፊት በ30 ሺህ ፓስካል ገደማ ይጨምራል። ይህ ግፊት ውኃውን ምን ያህል ያምቀዋል? ውኃ ለመታመቅ ያለው እምቢታ በ2.2 ቢሊዮን ፓስካል ገደማ ይለካል። 30 ሺህን ለ2.2 ቢሊዮን ስናካፍል የምናገኘው ከ73 ሺህ አንድ ያህል ነው። በሌላ አነጋገር ከላይ 73 ሺህ ሊትር የሆነ ውኃ ወደ ታች ሲወርድ የሚቀንሰው ይዘት አንድ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። እፍግታው በዚህ መጠን የተለወጠ ውኃ በሺህ ቶን የሚመዘን መርከብ ኋላን ወደ ጎን ሊያንሸራትት አይችልም። ግፊቱ ራሱ በመጨመሩ ነው እንዳይባልም የውኃው ግፊት በክንፉ ፊትና ጀርባ ላይ እኩል ስለሚጨምር እርስ በርሱ ይጣፋል።

ይሁን እንጂ በዚህ መልስ ውስጥ የተደበቀ አንድ እውነት አለ። የላይኛው ክንፍ ወደ ውኃው ገጽ በጣም ሲቀርብ አየር ይስባል። አረፋ የተቀላቀለበት ውኃ ደግሞ ክንፉ የሚገፋው ነገር ያሳጣዋል። ጭነቷን ያራገፈች መርከብ ከውኃው ከፍ ስለምትል የፕሮፔለሯ ክንፎች ጫፍ ከውኃ ውጭ ሲዞር ይታያል። በዚህ ጊዜ የታችኛው ክንፍ ሥራውን ብቻውን ይሠራል፤ የጎማው ምሳሌም እውነት ይሆናል። ካፒቴኖች ባዶዋ መርከብ ከተጫነችው ይልቅ ወደ ጎን ትሸሻለች የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ልዩነቱን የሚፈጥረው ከታች ያለው ውኃ መክበዱ ሳይሆን ከላይ አየር መኖሩ ነው። ፕሮፔለሩ በጥልቅ ውኃ ውስጥ ከጠለቀ ይህ ምክንያት አይሠራም። መርከቧ ግን አሁንም ትሸሻለች። ስለዚህ ፍለጋችንን መቀጠል አለብን።

ያዘነበለው ዘንግ

በብዙ ጀልባዎች ሞተሩ ከፍ ብሎ፣ ፕሮፔለሩ ደግሞ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ሁለቱን የሚያገናኘው ዘንግ ወደ ኋላ ወደ ታች ያዘነብላል። ጀልባዋ ወደ ፊት ስትሄድ ውኃው አግድም ይመጣል፤ ፕሮፔለሩ ግን ስላዘነበለ ለእርሱ ውኃው ከታች ወደ ላይ በመጠኑ የሚወጣ ይመስላል። በቀኝ በኩል ወደ ታች የሚወርደው ክንፍ ይህን ወጪ ውኃ ፊት ለፊት ይገጥመዋል፤ በግራ በኩል ወደ ላይ የሚወጣው ክንፍ ግን ከውኃው ጋር አብሮ ይሄዳል።

በቀላል ስሌት እንመልከተው። የፕሮፔለሩ ስፋት 50 ሳንቲ ሜትር፣ ዙሩ በደቂቃ 1,200፣ የጀልባዋ ፍጥነት በሰከንድ 4 ሜትር፣ የዘንጉ ዝንባሌ 10 ዲግሪ ይሁን። ከእምብርቱ 17.5 ሳንቲ ሜትር የሚርቀው የክንፉ ክፍል በሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። በዝንባሌው ምክንያት ውኃው ወደ ላይ የሚመጣበት ፍጥነት 0.7 ሜትር ያህል ይሆናል። ስለዚህ ወራጁ ክንፍ ውኃውን በ22.7፣ ወጪው ደግሞ በ21.3 ሜትር ፍጥነት ያገኘዋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ኃይሉ የሚያድገው ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ነው፤ በዚያ ላይ ክንፉ ውኃውን የሚገጥምበት ማዕዘንም ይለወጣል። ክንፉ በዚያ ቦታ 14 ዲግሪ የተጋደመ ከሆነ የወራጁ ክንፍ ገፊ ኃይል ከወጪው በሲሶ ያህል በልጦ ይገኛል። በቀኝ በኩል ያለው ገፊ ኃይል ሲበልጥ የጀልባዋ አፍንጫ ወደ ግራ፣ ኋላዋ ወደ ቀኝ ይዞራል። ባለ አንድ ፕሮፔለር አውሮፕላን አብራሪዎችም ይህን ነገር ያውቁታል። አውሮፕላኑ ለመነሣት አፍንጫውን ቀና ሲያደርግ ወደ አንድ ጎን የሚስበው በከፊል ይኸው ምክንያት ነው።

በትላልቅ መርከቦች ላይ ደግሞ ዘንጉ አግድም ሊሆን ይችላል። በእነርሱ ዘንድ ሚዛኑን የሚያዛባው መርከቧ ራሷ ጎትታ አብራት የምታስከትለው ውኃ ነው። ይህ ተከታይ ውኃ ከመርከቧ አካል አጠገብ፣ ማለትም ከላይ፣ ይበረታል፤ ከታች ይዳከማል። ስለዚህ የላይኛው ክንፍ ዝግ ያለ ውኃ ስለሚያገኝ ይበልጥ ይጫናል። ይህ ኋላውን ወደ ግራ ለመግፋት ይሞክራል፤ ከሌሎቹ ምክንያቶች ጋርም ይጋጫል። መርከብ ወደ ፊት ስትሄድ የጎን ሽሽቷ ትንሽ የሚሆነውና ከአንዷ ወደ ሌላዋ የሚለያየው እነዚህ ተቃራኒ ነገሮች ስለሚመዛዘኑ ነው።

አሁን ግን አንድ ወሳኝ ፈተና እናቅርብ። ከላይ ያነሣናቸው ሁለቱ ምክንያቶች፣ ማለትም ያዘነበለው ዘንግና ተከታዩ ውኃ፣ የመርከቧን መጓዝ የሚጠይቁ ናቸው። መርከቧ ስትቆም በስሌታችን ውስጥ ያለው 4 ሜትር ዜሮ ይሆናል፤ 0.7 ሜትሩም አብሮ ይጠፋል። ሽሽቱ ግን ይበልጥ የሚበረታው መርከቧ ቆማ ሳለች፣ የኋላ ማርሽ በገባበት ቅጽበት ነው። ስለዚህ ዋናው ምክንያት መርከቧ ባትንቀሳቀስም የሚሠራ ሌላ ነገር መሆን አለበት።

የተወረወረው ውኃ የት ይደርሳል?

መልሱ የሚገኘው ፕሮፔለሩ ውኃውን ወዴት እንደሚወረውረው ስንጠይቅ ነው። ወደ ፊት በሚነዳበት ጊዜ ውኃው ወደ ኋላ፣ ከመርከቧ ርቆ ወደ ገላጣው ባሕር ይሄዳል። በኋላ ማርሽ ግን ውኃው ወደ ፊት ይወረወራል፤ ከፊት ያለው ደግሞ የመርከቧ የራሷ አካል ነው።

ይህ ውኃ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ እንደ ገመድ ተጠምዝዞ እየዞረ ይሄዳል። ቀኝ ዟሪ ፕሮፔለር በኋላ ማርሽ ከኋላ ለሚያየው ሰው በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ ይዞራል። በመሆኑም ክንፎቹ በቀኝ በኩል ወደ ላይ ይወጣሉ፤ በግራ በኩል ወደ ታች ይወርዳሉ። ውኃውም እንደዚሁ ነው። በቀኝ በኩል እየወጣ ወደ ፊት የሚወረወረው ጅረት የመርከቧን የኋላ ቀኝ ጎን ያገኘዋል። የመርከብ አካል ከታች ጠበብ ብሎ ወደ ላይ እየሰፋ ስለሚሄድ ወጪው ውኃ ይህን ጎን በኃይል ይመታዋል። በግራ በኩል ያለው ጅረት ግን እየወረደ ስለሚሄድ ከመርከቧ ሥር ሾልኮ ያልፋል። አንዱ ጎን ይመታል፤ ሌላው ይተርፋል። ቀኙ ሲመታ ኋላው ወደ ግራ ይሄዳል።

ይህ ማብራሪያ ያቀረብነውን ፈተና ያልፋል። የመርከቧን መጓዝ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ከቆመችበት ጀምሮ ይሠራል። ወደ ፊት በሚነዳበት ጊዜ ለምን እንደማይታይም ያስረዳል። ፕሮፔለሩ በጥልቅ ውኃ ውስጥ ቢሆንም አይጠፋም። አቅጣጫውም መርከበኞች ከሚያዩት ጋር ይስማማል።

ሻማውና መሪው

አንድ ጥያቄ ይቀራል። ኋላው ወደ ግራ ከሸሸ ካፒቴኑ በመሪው ለምን አይመልሰውም? መሪ የምንለው ከፕሮፔለሩ በስተኋላ ቆሞ ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚታጠፈውን ሰሌዳ ነው። መሪ ኃይል የሚያገኘው ውኃ በላዩ ሲፈስ ነው። ውኃ ካልፈሰሰበት መሪ ተራ ሰሌዳ ነው።

አንባቢያችን በቀላሉ ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ሙከራ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። የተለኮሰ ሻማ ከአፋችን አንድ ክንድ ያህል አርቀን እፍ ብንል ይጠፋል። በዚያው ርቀት አየሩን ወደ ውስጥ በመሳብ ሻማውን ለማጥፋት ብንሞክር ግን ነበልባሉ እምብዛም አይነቃነቅም። ስንተነፍስ አየሩ ተሰብስቦ በአንድ አቅጣጫ ይወጣል፤ ስንስብ ግን ከየአቅጣጫው ቀስ ብሎ ይመጣል። ፕሮፔለርም እንዲሁ ነው። ወደ ፊት በሚነዳበት ጊዜ የሚተፋው ጅረት በቀጥታ መሪው ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ መሪው መርከቧ ቆማ እንኳ ኃይል አለው። በኋላ ማርሽ ግን መሪው በሚሳበው ውኃ ውስጥ ይቀራል። ውኃው ከየአቅጣጫው በዝግታ ስለሚመጣ መሪው የሚይዘው ነገር ያጣል። ሽሽቱ የሚበረታበትና መድኃኒቱ የሚጠፋበት ጊዜ አንድ ላይ ይገናኛሉ ማለት ነው። መርከቧ ወደ ኋላ በቂ ፍጥነት ካገኘች በኋላ ግን መሪው እንደገና ሊታዘዝ ይጀምራል።

የፕሮፌሰር ሬይኖልድስ ማስጠንቀቂያ

ይህን ጉዳይ ከመርከበኞች ልማድ አውጥተው ወደ ሳይንስ ሙከራ ካመጡት መካከል አንዱ ኦዝቦርን ሬይኖልድስ ነው። ይህ ሰው በማንቸስተር የኦወንስ ኮሌጅ የምሕንድስና ፕሮፌሰር የነበረና ዛሬ በፈሳሾች ጥናት ስሙ በሬይኖልድስ ቁጥር የሚታወሰው ሊቅ ነው። በ1870ዎቹ የእንፋሎት መርከቦች ግጭት አሳሳቢ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1875 ሬይኖልድስ በሞዴል መርከቦች ያደረገውን ሙከራ ለብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር አቀረበ፤ ማኅበሩም ጉዳዩን በእውነተኛ መርከቦች ላይ የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋመ።

ኮሚቴው የደረሰበት ድምዳሜ ለዘመኑ ካፒቴኖች አስደንጋጭ ነበር። በሙሉ ፍጥነት የምትጓዝ መርከብ ፕሮፔለሯን ወደ ኋላ አዙራ ለመቆም በምትሞክርበት ጊዜ ሁሉ መሪዋ የተለመደውን ሥራ አይሠራም፤ ያለችው ጥቂት ኃይል እንኳ መርከቧን ከተለመደው በተቃራኒ አቅጣጫ ልታዞራት ትችላለች። በመሆኑም ከፊት አደጋ ያየ ካፒቴን በደመ ነፍስ ሞተሩን ወደ ኋላ አዞረና መሪውን አጠፈ ማለት መሸሽ ይችልበት የነበረውን መሣሪያ በገዛ እጁ ጣለ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የተሻለው መንገድ ወደ ፊት እየነዱ መታጠፍ ነበር።

ማስጠንቀቂያው ዛሬም አልጠፋም። ዓለም አቀፉ የባሕር ጉዳዮች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ባጸደቀው መመዘኛ መሠረት አንድ መርከብ በሙሉ የኋላ ማርሽ ለመቆም የሚፈጅባት ርቀት እንደ አጠቃላይ ደንብ ከርዝመቷ 15 እጥፍ መብለጥ የለበትም። ርዝመቷ 200 ሜትር ለሆነ መርከብ ይህ 3 ኪሎ ሜትር ነው። በእነዚያ 3 ኪሎ ሜትሮች ውስጥ የመርከቧን አፍንጫ የሚያዞረው ከመሪው ይልቅ ፕሮፔለሩ ሊሆን ይችላል። ደግነቱ ቀኝ ዟሪ ፕሮፔለር በኋላ ማርሽ አፍንጫውን የሚያዞረው ወደ ቀኝ ነው። እ.ኤ.አ. የ1972ቱ ዓለም አቀፍ የግጭት መከላከያ ደንብም ፊት ለፊት የተገናኙ ሁለት ባለ ሞተር መርከቦች ሁለቱም ወደ ቀኝ እንዲታጠፉ ያዛል። የፊዚክሱና የሕጉ አቅጣጫ በዚህ ረገድ ተስማምተዋል።

ጠላትን አገልጋይ ማድረግ

ልምድ ያለው ካፒቴን ይህን ባሕርይ አይታገለውም፤ ያሠራዋል። ቀኝ ዟሪ ፕሮፔለር ያላት መርከብ በግራ ጎኗ ወደ ወደብ ግንብ ብትጠጋ ይቀላል። ካፒቴኑ አፍንጫዋን ወደ ግንቡ በመጠኑ አጋድሞ በዝግታ ይቀርባል፤ ሊደርስ ሲል የኋላ ማርሽ ያስገባል። ያ ትእዛዝ ሁለት ሥራ ይሠራል። መርከቧን ያቆማታል፤ ኋላዋንም ወደ ግራ ስቦ ከግንቡ ጋር ያስተካክላታል። በቀኝ ጎን ለመቆም የተሞከረ እንደሆነ ግን ይኸው ትእዛዝ ኋላዋን ከግንቡ ያርቀዋል፤ አፍንጫዋንም ወደ ግንቡ ይመራዋል።

በጠባብ ቦታ መዞርም እንዲሁ ነው። ካፒቴኑ መሪውን ወደ ቀኝ አጥፎ ለአጭር ጊዜ ወደ ፊት ይነዳል፤ ከዚያ ወደ ኋላ፤ ከዚያ እንደገና ወደ ፊት። ወደ ፊት ሲነዳ መሪው፣ ወደ ኋላ ሲነዳ ፕሮፔለሩ አፍንጫውን ወደ ቀኝ ስለሚያዞሩት መርከቧ ብዙም ሳትራመድ ትዞራለች። ወደ ግራ ለመዞር ቢሞከር ግን በእያንዳንዱ የኋላ ጉዞ የተገኘው ተመልሶ ይጠፋል።

ከሁሉ የሚበልጠው የሰው ሕይወት ነው። በጀልባ ኋላ አቅራቢያ ዋናተኛ ወይም ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው ካለ የኋላ ማርሽ ማስገባት አደገኛ ነው። ነጂው ቀጥ ብላ ትመጣለች ብሎ ያሰባት ጀልባ ኋላዋን ከነክንፎቿ ወደ ጎን ልታንሸራትት ትችላለች። ሰውየው ያለው ኋላው በሚሸሽበት ጎን ከሆነ አደጋው እጥፍ ነው።

ማስቀረት ይቻላል?

መሐንዲሶች ለዚህ ችግር ልዩ ልዩ መፍትሔ አበጅተዋል። ቀላሉ ሁለት ፕሮፔለር በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲዞሩ ማድረግ ነው፤ አንዱ የሚያጠፋውን ሌላው ያርመዋል። ሌላው ሁለት ፕሮፔለሮችን በአንድ መስመር ላይ አንዱን ከሌላው ኋላ አድርጎ በተቃራኒ ማዞር ነው። ኤሪክሰን በ1836 ያሰበው ይህንኑ ነበር፤ ቀጥ ብሎ መሄድ ግዴታው የሆነው ቶርፔዶም ይህን ዘዴ ወርሷል። ዘዴው ጎን ለጎን ሌላ ጥቅም አለው፤ የመጀመሪያው ፕሮፔለር በማዞር ያባከነውን ኃይል ሁለተኛው መልሶ ይሰበስበዋል።

ክንፎቻቸው በእምብርታቸው ላይ የሚዞሩ ፕሮፔለሮችም አሉ። እነዚህ ወደ ኋላ ለመሄድ የዘንጉን አዟዟር አይለውጡም፤ የክንፉን ማዕዘን ብቻ ይገለብጣሉ። እንዲህ ዓይነት ፕሮፔለር ቀኝ ዟሪ ቢሆን በኋላ ጉዞም በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ መዞሩን ስለሚቀጥል ኋላው ወደ ቀኝ ይሸሽ ነበር። ካፒቴኖች የለመዱት አቅጣጫ እንዳይገለበጥባቸው ታዲያ ብዙዎቹ ግራ ዟሪ ሆነው ይሠራሉ። አንድ ፋብሪካ የፕሮፔለሩን አዟዟር የሚመርጠው በየወደቡ ያለውን የመርከበኛ ልማድ አስቦ ነው ማለት ነው።

ከጣና ዳር የሚታይ

ጉዳዩ ከእኛም የራቀ አይደለም። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ጣና ገዳማት መንገደኛ በሚያመላልሱ ጀልባዎች ኋላ ላይ የሚንጠለጠለው ሞተር ከፕሮፔለሩ ጋር አብሮ ስለሚታጠፍ ነጂው ገፊ ኃይሉን ራሱን ወደፈለገበት ያዞረዋል። በዚህም ሽሽቱ በቀላሉ ይገራል። ያም ሆኖ የመሪውን እጀታ ወደ አንድ ወገን የሚስብ ኃይል ይቀራል። በብዙዎቹ ሞተሮች ላይ ከፕሮፔለሩ በላይ ባለችው አግድም ሰሌዳ ሥር አንዲት ትንሽ ክንፍ አለች። ብሎኗ ላላ ተደርጎ ጥቂት ስትዞር ይህን ስበት ታቃልላለች። በዚያው ከተማ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኢትዮጵያ ማሪታይም አካዳሚ የሚያሠለጥናቸው ወጣቶች ደግሞ በዓለም ውቅያኖሶች ላይ በሚጓዙ ትላልቅ መርከቦች ይሠራሉ። ለእነርሱ ይህ ጽሑፍ ያነሣው ነገር የዕለት ሥራ ነው።

ነገሩን በዓይናቸው ማየት ለሚሹ ተማሪዎች አንድ ሙከራ እንጠቁም። ከመጫወቻ የተፈታ ትንሽ ባለ ባትሪ ሞተርና ፕሮፔለር ከቀጭን ዘንግ ጋር በማሰር ውኃ በሞላ ሰፊ ሳፋ ውስጥ እንዲንጠለጠል ማድረግ ነው። ሞተሩ ውኃ እንዳይገባበት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ፕሮፔለሩን በጥልቀት ማጥለቅ፣ ቀጥሎ ክንፎቹ የውኃውን ገጽ እስኪቀዱ ድረስ ከፍ ማድረግ ነው። በጥልቁ ሲሆን ዘንጉ በአመዛኙ በገፊው ኃይል አቅጣጫ ብቻ ያዘነብላል፤ ወደ ገጹ ሲወጣ ግን ወደ ጎንም መሸሽ ይጀምራል። ከዚያም ፕሮፔለሩን እንደገና አጥልቆ፣ ውኃውን በሚወረውርበት በኩል እንደ ጀልባ ኋላ የተቀረጸ እንጨት በአጠገቡ ማስቀመጥና እንጨቱ ወዴት እንደሚገፋ መመልከት ነው።

«ከታች ያለው ውኃ ይከብዳል» የሚለው ማብራሪያ ለረጅም ዘመን የኖረው ትክክለኛውን አቅጣጫ ስለሚናገር ነው። ትክክለኛ መልስ የሰጠ የተሳሳተ ምክንያት ለመያዝ ይከብዳል፤ ማንም አይጠረጥረውምና። ጉዳቱ የሚታየው ሁኔታው ሲለወጥ ነው። የውኃውን መክበድ ብቻ የሚያውቅ ነጂ ባዶዋ መርከብ ለምን ይበልጥ እንደምትሸሽ፣ በኋላ ማርሽ መሪው ለምን እንደማይታዘዝ፣ ቆማ ሳለች ለምን እንደምትዞር አስቀድሞ ሊናገር አይችልም። የውኃውን መንገድ የተከተለ ግን እነዚህን ሁሉ ከአንድ ሥዕል ያነብባል። ይህም 3 ኪሎ ሜትር ሳትቆም ለምትሄድ መርከብ ትንሽ ነገር አይደለም።